ከወንበሬ የተነሳሁበት ፈተና

ይህን ታሪክ ንዴቴ ሲበርድልኝ እጽፈዋለሁ እያልኩ ብዙ አቆየሁት። ሊበርድልኝ አልቻለም። እንዲያውም ለሰው በነገርኩት ቁጥር የሚሰማኝ ሁሉ ስለሚስቅ ይብስብኛል። አንዲት ልጅ ለሽማግሌ ከወንበሯ ብድግ ብላ ከፈተና ተባረረች ሲባል በእርግጥ ያስቃል። እኔ ግን በዚያ ሳምንት አልሳቅኩም። እናንተም እስከ መጨረሻው ካነበባችሁት የምትስቁ አይመስለኝም።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ለንደን የመጣሁት ገና ልጅ ሳለሁ ነው፤ እዚሁ ተምሬ በጂኦግራፊ ዲግሪ ይዣለሁ። ዲግሪው ግን ዓይናፋርነቴን አላስለቀቀኝም። ስልክ ሲጮህ ልቤ አብሮ ይመታል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የውይይት ክፍለ ጊዜ ባለበት ቀን ከጠዋት ጀምሮ ምግብ አይወርድልኝም ነበር። ከተመረቅኩ በኋላ በአንድ የሰሜን ለንደን ካውንስል፣ ማለትም የአካባቢ መስተዳድር፣ ቢሮ በጊዜያዊነት ተቀጠርኩ። ሥራዬ ከነዋሪዎች የሚመጡ ኢሜይሎችን እያነበብኩ ለሚመለከተው ክፍል ማስተላለፍ ነበር።

ከዚያ አንድ ቋሚ ቦታ ተከፈተ፤ የኮሚቴ ጸሐፊነት። የምክር ቤቱ አባላት ሲሰበሰቡ ጥግ ይዛ የተባለውን በትክክል የምትመዘግብ ሰው ይፈልጋሉ። እነሱ ይከራከራሉ፣ አንዳንዴም ይጯጯሃሉ፤ ጸሐፊዋ ዝም ብላ ትጽፋለች። ዝም ለማለት ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ መኖሩን ሳውቅ እግዚአብሔር ለእኔ ብሎ የፈጠረው መሰለኝ። አለቃዬ ካረን ቦታው ለእኔ እንደሚሆን ነግራኝ ነበር፤ ግን ስለ አካባቢ መስተዳድር የተማርኩበትን የምስክር ወረቀት ከመዝጊያው ቀን በፊት ማምጣት አለብኝ። ካላመጣሁ ከውጭ አፕላይ ካደረጉት አንዱን መውሰድ ግድ ይሆንባታል።

ስለዚህ አንድ ኮሌጅ በኦንላይን ለሚሰጠው የተፋጠነ ኮርስ ተመዘገብኩ። ሌላው ሰው ረጅም ጊዜ ወስዶ የሚማረውን በጥቂት ሳምንት የሚያስጨርስ ኮርስ ነው። ካውንስል እንዴት እንደሚመረጥ፣ ግብሩን ማን እንደሚወስን፣ ቤትና ትምህርት ቤት የማን ኃላፊነት እንደሆነ፣ ነዋሪ ሲበደል የት አቤት እንደሚል። ከሥራ እየተመለስኩ፣ ኮቴን ሳላወልቅ ላፕቶፑን እከፍት ነበር። መምህሩ ጥሩ ተናጋሪ ነበሩ። በሁለተኛው ሳምንት ስለ ውሳኔ አሰጣጥ ሲያስተምሩ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ማንም የሕዝብ አካል በአንድ ሰው ላይ ከመወሰኑ በፊት ያን ሰው መስማት አለበት፤ ሳይሰማ የተወሰነበት ሰው ተበድሏል። በጣም ስለወደድኩት አሰመርኩበት። እውነት ብዬ ተቀብዬው ነበር።

የምኖረው ካሌዶኒያን ሮድ አጠገብ ባለ የካውንስል ሕንጻ ውስጥ፣ አባባ ተስፋጽዮን ቤት አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው። እናቴ ለሥራ ሊድስ ስትሄድ ለእሳቸው አደራ ብላ ነው የተወችኝ። አባባ የአስመራ ሰው ናቸው። በንጉሡ ጊዜ በአማርኛ ስለተማሩ አማርኛቸው ከእኔ ይበልጣል፤ ስሳሳት ያርሙኛል፣ ከእንግሊዝኛ ጋር ስቀላቅል ደግሞ ያልገባቸው ይመስል ዝም ብለው ያዩኛል። አባባ ሲገቡ እነሳለሁ። “ኖር” እላለሁ፤ እሳቸው “በእግዜር” ይሉና እንድቀመጥ በእጃቸው ያመለክቱኛል። ዛሬ አዲስ አበባም ቢሆን እንዲህ የሚል ወጣት ብዙ አይደለም ይሉኛል። እኔ ግን አባቴ ያሳደገኝ እንዲህ ነው። ደግሞ ዓይናፋር ለሆነ ሰው እንዲህ ያለ ልማድ እረፍት ነው፤ ምን እንደሚባል አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ቃል ፍለጋ አያስጨንቅም።

ፈተናው ማክሰኞ ጠዋት ነበር። የሚጠብቀን ሰው አይደለም፤ ላፕቶፑ ላይ የሚጫን ፕሮግራም ነው። ካሜራው ፊት እያየ ይቀርጻል፣ ማይክሮፎኑ ክፍሉን ይሰማል። መነሳት ክልክል ነው፤ መናገር ክልክል ነው፤ ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ መኖር የለበትም። ከመጀመሬ በፊት ላፕቶፑን ተሸክሜ ግድግዳውን፣ የጠረጴዛውን ሥር፣ የመጋረጃውን ጀርባ፣ የእመቤታችንን ሥዕል ሳይቀር አሳየሁት። ለአባባ ከዋዜማው ነግሬያቸዋለሁ። ክፍሌ ውስጥ ኢንተርኔቱ ደካማ ስለሆነ እስከ ቀትር ሳሎኑን ለእኔ እንዲተዉልኝ ስለምናቸው፣ ሳሎኗ ምን አላት፣ ቤቱን በሙሉ ውሰጂው፣ እኔ ሆሎዌይ ሰፈር ጓደኛዬ ጋ እውላለሁ አሉኝ። ጠዋት መርቀውኝ ወጡ።

ከግማሹ በላይ ሠርቼ ነበር። የማላውቀው ጥያቄ አልገጠመኝም፤ እንዲያውም እየጣመኝ ነበር። በዚህ መሐል ቁልፍ ሲዞር ሰማሁ። አባባ ጎረቤት ጋ ሲጫወቱ ቆይተው የአውቶቡስ ካርዳቸውን መርሳታቸውን ያወቁት ማቆሚያው ጋ ሲደርሱ ነው። በሩ ተከፈተ፤ ሰውነቴ ተነሳ። እኔ ተነሳሁ ለማለት ይከብደኛል፤ ጉልበቴ ነው የተነሳው። እሱም ሙሉ በሙሉ ሳይዘረጋ፣ “ኖር” የምትለው ቃል ከአፌ ወጣች። አባባም በልማዳቸው “በእግዜር፣ በእግዜር” አሉና ወዲያው ፈተናው ትዝ አላቸው። አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑ፤ ካርዳቸውን ከመደርደሪያው አንስተው በእግራቸው ጣት እየተራመዱ ወጡ። እኔም ቁጭ አልኩ።

ስክሪኑ ግራጫ ሆኗል። መሐሉ ላይ ፈተናው መቋረጡንና ምክንያቱን የሚገልጽ ጽሑፍ ነበር፤ ተፈታኟ ከመቀመጫዋ ተነስታለች፣ ከሌላ ሰው ጋር ቃል ተለዋውጣለች።

በእርዳታ መስጫው በኩል ጻፍኩ። የሚመልስልኝ ማሽን ነው፤ ስለ ትዕግሥቴ አመሰገነኝ። ከሰዓት በኋላ ኢሜይል መጣ። በፈተና ላይ በማጭበርበሬ ዜሮ ተሰጥቶኛል ይላል። ማጭበርበር። እኔ የአውቶቡስ የኋላ በር ቢከፈትልኝ እንኳ ወደ ፊተኛው በር ሄጄ ካርዴን አስነክቼ የምከፍል ሰው ነኝ። ከታች ደግሞ በትናንሽ ፊደል፣ በውሳኔው ካልተስማማሁ ይግባኝ ማለት እንደምችል ተጽፏል። አያችሁ? መጀመሪያ ወስነው ጨረሱ፤ መስማት ካስፈለገ ከዚያ በኋላ ይሰሙኛል። ይህን የሚያደርገው፣ ሳይሰሙ መወሰን በደል ነው ብሎ ያስተማረኝ ያው ኮሌጅ ነው።

ለካረን ደውዬ ነገርኳት። አዘነችልኝ። የመዝጊያው ቀን አርብ ነው፤ እስከዚያ የኮሌጁ ማረጋገጫ ከደረሳት ቦታውን ትይዝልኛለች፤ ካልደረሳት እሷም የበላይ አላት።

አባባ ማምሻውን ዳቦ ይዘው ገቡ። ፈገግ ብለው “አለፍን?” አሉኝ። የሆነውን ስነግራቸው ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ።

“በእኔ የተነሳ ነው?”

“አይደለም አባባ።”

“ነው እንጂ። ለአውቶቡስ ካርድ ብዬ! ሆሎዌይ በእግር የማይኬድበት አገር ነው?”

በማግስቱ ከኮሌጁ የተማሪዎች አማካሪ የሆነ ወጣት ደወለልኝ። ድምፁ ደግ ነበር፤ ደግነቱን አሁንም አልክድም። የሆነውን አስነግሮኝ ከጨረሰ በኋላ፣ አብሬያቸው የምኖረው ሰው ዕድሜያቸው ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። ሰባ ስድስት አልኩት።

“የመርሳት ችግር አለባቸው?”

“የለባቸውም።”

“ቆዪ፣ በደንብ ስሚኝ። ልረዳሽ ነው የምፈልገው። አብሮኝ የሚኖር ግራ የሚጋባ አዛውንት ሳላስበው ገባብኝ ብለሽ ከጻፍሽልኝ፣ ጉዳይሽ ከማጭበርበር ወጥቶ የቤተሰብ ችግር ይሆናል። ነገ ፈተናውን እንደገና ትወስጃለሽ። ኮሚቴ ፊት መቅረብ የለ፣ መናገር የለ።”

መናገር የለ። እኔን ለመግዛት ከዚህ የተሻለ ቃል አይገኝም። ሌላው መንገድ፣ እሱ እንደነገረኝ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በቪዲዮ ሦስት ሰዎች ፊት ቀርቦ መከራከር ነበር። በአንድ በኩል ቋሚ ሥራና ጸጥታ፣ በሌላ በኩል ሦስት የማላውቃቸው ፊቶች። የሚጠየቀው ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

ለአባባ ስነግራቸው እንደ መሳቅ አሉ።

“ታዲያ ጻፊያ! ሽማግሌው ጃጅቷል በያቸው።”

“እንዴት ብዬ አባባ?”

“በእንግሊዝኛ ነዋ። እኔን ምን ይጎዳኛል? በዚህ ዕድሜዬ ሚስት አላጭ።”

ላፕቶፑን ከፍቼ ጻፍኩት። አጭር ነበር፤ አማካሪው እንዳለኝ አድርጌ ጻፍኩት። ላክ የሚለው ቁልፍ ላይ እጄን ካሳረፍኩ በኋላ ግን ቃሉ የት እንደሚሄድ ማሰብ ጀመርኩ። ያንን ያስተማረኝ ደግሞ ያው ኮርስ ነው፤ ስለ አረጋውያን እንክብካቤ በተማርንበት ሳምንት። አንድ ተቋም፣ ራሱን መጠበቅ ያልቻለ አዛውንት መኖሩን ከሰማ ለካውንስሉ እንዲያሳውቅ ይጠበቅበታል። ይህ ጥሩ ሕግ ነው፤ ብዙ ሰው ያድናል። ግን እኔ በሥራዬ እንዲህ ያሉ ኢሜይሎች ሲያልፉ አያለሁ፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የምልካቸው እኔ ነኝ። ግራ የሚጋባ የምትል ቃል አንዴ ከሰው ስም ጋር ከተጣበቀች ማንም አይፍቃትም። ከዚያ በኋላ ያ ሰው ውሃ ይፈስብኛል ቢል፣ ማሞቂያው አይሠራም ቢል፣ መጀመሪያ የሚነበበው ያቺ ቃል ናት። አባባ ቤታቸውን የሚያስተዳድሩ፣ ሒሳባቸውን ራሳቸው የሚከፍሉ፣ የጎረቤት ልጅ ሒሳብ ሲከብደው የሚያስረዱ ሰው ናቸው። የእኔ ፈተና እንዲቀለኝ ብዬ አእምሯቸውን አሳልፌ ልሰጥ ነበር። እሳቸውም ለእኔ ብለው እየሳቁ ሊሰጡኝ ነበር።

አጠፋሁት። የተናደድኩት ያኔ ነው፤ ከማክሰኞ ይልቅ ረቡዕ። ማክሰኞ የደረሰብኝ የማሽን ስህተት ነው ማለት ይቻላል። ረቡዕ ግን አንድ ጤነኛ ሰው፣ በደግ ድምፅ፣ እውነቱን ለመስማት ቦታ የለንም፣ ውሸቱን ግን የምናስተናግድበት ክፍል አለን አለኝ።

“ላክሽው?” አሉ አባባ ከወጥ ቤት።

“አልላክሁም።”

“ታዲያ ሥራውስ?”

“ነገ ቀርቤ እናገራለሁ።”

ብቅ ብለው አዩኝ። “አንቺ?” አሉ። ሊያሾፉብኝ አልነበረም። ከልባቸው ተጨንቀው ነው።

ሐሙስ በቀጠሮው ሰዓት ሦስቱ ፊቶች ስክሪኑ ላይ ወጡ። ሰብሳቢዋ መነጽር ያደረጉ ሴት ናቸው፤ ሁለተኛው ከፈተናዎች ክፍል የመጣ ሰው ነው፤ ሦስተኛው መምህሬ። መምህሬን ሳይ እፎይ አልኩ። ሌላው ሁሉ ቢረሳ፣ እሳቸው ያስተማሩትን አይረሱም።

ሰብሳቢዋ ክሱን አነበቡልኝና ምን እንደምል ጠየቁ። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። ሰብሳቢዋ ድምፅሽ አይሰማንም፣ ማይክሮፎንሽን ቼክ አድርጊ አሉኝ። ማይክሮፎኑ ይሠራ ነበር። የማልሠራው እኔ ነበርኩ። ከግድግዳው ወዲያ፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ አባባ የተቀመጡበት ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። የእግራቸው ኮቴ እንዳይሰማ ብለው ከቀጠሮው ቀድመው ገብተው የተቀመጡ ሰው ናቸው።

“ቅጂውን አይታችሁታል?” አልኩ በመጨረሻ።

የፈተናዎች ክፍሉ ሰው የፕሮግራሙ ሪፖርት ለሁሉም መድረሱን ነገረኝ።

“ሪፖርቱን እኔም አንብቤዋለሁ። የጠየቅኩት ስለ ቪዲዮው ነው። ቪዲዮውን ያየ ሰው አለ?”

ሰብሳቢዋ በአሠራራቸው መሠረት የሚመለከቱት ሪፖርቱን እንደሆነ አስረዱኝ። ማለትም ማንም አላየውም። በስሜ ላይ ማጭበርበር ብለው የጻፉት፣ ዜሮ የሰጡኝ፣ የአንድ ሽማግሌ አእምሮ ታሟል ብዬ እንድጽፍ የመከሩኝ ሰዎች፣ ከመካከላቸው አንዱ እንኳ ቁጭ ብሎ አላየውም።

“እንግዲያው ካላያችሁት አልመልስላችሁም” አልኩ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቢሆንም ወጣ። “አጭበርብረሻል ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። መጀመሪያ እዩት። እጠብቃለሁ።”

ሰብሳቢዋ ጊዜው አጭር መሆኑን አስታወሱኝ። እጠብቃለሁ አልኩ እንደገና። ሌላ የምለው ስላልነበረኝም ነው።

የፈተናዎች ክፍሉ ሰው ቅጂውን ለመክፈት ብዙ ተቸገረ። የይለፍ ቃሉን አያውቀውም ነበር፤ ለሌላ ሰው ደውሎ ነው ያገኘው። በመጨረሻ ተከፈተ። ራሴን አየሁት፤ ጎንበስ ብላ ግማሽ የተነሳች ልጅ። ከኋላዋ ኮት የለበሱ ሽማግሌ ይገባሉ፣ አፋቸውን ይይዛሉ፣ ካርዳቸውን ያነሳሉ፣ በጣታቸው ይወጣሉ። በጣም አጭር ነው። አባባ በጣታቸው ሲራመዱ ሰብሳቢዋን ሳቅ አመለጣቸው፤ ቶሎ ብለው ዋጡት።

“ምን አልሽው?” አሉኝ።

“ኖር ነው ያልኩት። ትልቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫ ተነስቶ የሚባል የአክብሮት ቃል ነው።”

“እሱስ ምን መለሰ?”

“በእግዜር። ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ተቀመጪ እንደ ማለት ነው።”

“መነሳት እንደማይፈቀድ ግን ታውቂ ነበር።”

“አውቃለሁ። እናንተ ስታስነጥሱ አስባችሁ ነው?”

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። አሁንም ሳስበው ሌላ ሰው የተናገረው ይመስለኛል። ከዚያ ወደ መምህሬ ዞርኩ። ስብሰባው ከተጀመረ ወዲህ ድምፃቸውን አላሰሙም። በሁለተኛው ሳምንት ያስተማሩንን እንደማስታውስ ነገርኳቸው፤ በሰው ላይ ከመወሰን በፊት መስማት ይገባል ብለው ነበር፤ ይህ የእርስዎን ኮሌጅ አይመለከትም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

መምህሬ ማይክሮፎናቸውን ከፈቱ። “ኮርሱ የሚመለከተው የአካባቢ መስተዳድርን ነው” አሉና መልሰው ዘጉት።

ውሳኔውን በጥቂት የሥራ ቀናት ውስጥ እንደሚያሳውቁኝ ተነግሮኝ ስክሪኑ ጠፋ። አርብ ቀኑን ሙሉ ኢሜይሌን ስከፍት ዋልኩ። ምንም አልመጣም። ካረን ከመውጣቷ በፊት ጠረጴዛዬ ጋ መጥታ ቆመች፤ ሳያት ገባኝ። ቦታው ለሌላ ተሰጠ። የተቀጠረው ልጅ ጨዋ ነው፤ ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ሰላም ይለኛል፤ በእሱ ላይ ምንም የለኝም።

የኮሌጁ መልስ የመጣው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ሁለት መስመር ነበር። የቀደመው ውሳኔ ተነስቷል፤ ፈተናውን በሚቀጥለው ዙር መውሰድ እችላለሁ። አዝነናል የሚል ቃል የለበትም። ተሳስተናል የሚልም የለበትም። ማጭበርበር የምትለዋ ቃል እንዴት እንደመጣችም ሆነ እንዴት እንደሄደች የሚናገር ሰው የለም። ፈተናውን ቶተንሃም ያለ ቤተ መጻሕፍት አንድ ትንሽ ክፍል ይዤ ወሰድኩ፤ አለፍኩ። የምስክር ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ከዚያም ማንም ተማሪ አጭበርብሯል ከመባሉ በፊት አንድ ሰው ቪዲዮውን እንዲያይ የሚጠይቅ አቤቱታ ጻፍኩላቸው። ስለ አስተያየቴ አመሰገኑኝ።

አንባቢዎቼ፣ ይህ ነገር ደፋር አደረገኝ ብዬ አልዋሻችሁም። ስልክ ሲጮህ አሁንም ልቤ ይመታል። ግን በዚህ አገር የምንኖር ልጆች ሁላችንም የታላላቆቻችንን ፎርም የምንሞላ፣ በስማቸው ስልክ የምንደውል፣ ስለ እነሱ የምንጽፍ ሰዎች ነን። አንድ ደግ ድምፅ፣ ይህችን ብቻ ብትጽፊ ይቀልሻል ሲላችሁ፣ ቃሉ የሚያርፈው በማን ላይ እንደሆነ እባካችሁ ሳታስቡ አትጻፉ። ደግሞ ማሽን እንዲህ አለ ብለው ሲከሷችሁ፣ ያየው ሰው ማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። የእኔ ድምፅ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ተሰምቷል።

ሥራ ሌላ ይገኛል፤ እያመለከትኩ ነው። የሚያናድደኝ እሱ አይደለም። ከዚያ ሳምንት ወዲህ አባባ ተስፋጽዮን የገዛ ቤታቸውን በር ያንኳኳሉ። ቁልፉ በእጃቸው ነው፤ ሠላሳ ዓመት የኖሩበት ቤት ነው። ያንኳኩና ኮታቸውን እንደለበሱ ኮሪደሩ ላይ ይቆማሉ። እኔ ሮጬ ሄጄ እከፍታለሁ።

“አባባ፣ ፈተና የለኝም እኮ። ለምን ዝም ብለው አይገቡም?”

አንገታቸውን አስግገው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ላፕቶፕ ያዩታል። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጠይቁኛል።

“ተዘግቷል?”